ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዙር

"አልከፍተውም" አለች፤ ካርቶኑን በክርኗ ገፋ አድርጋ።

የጥርስ ሐኪሙ በጋራዡ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ካርቶን ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። አዝዞት አንድ ወር ሙሉ የጠበቀው ዕቃ ነው። ሽልማት እንደሚያስረክብ ሰው ፈገግ ብሎ ነበር የገባው፤ አሁን ፈገግታውን የት እንደሚያደርሰው ጠፋው።

"እንዴት ነው የማትከፍችው? ምን እንደሆነ እንኳ አላየሽውም እኮ።"

"ላዩ ላይ ተጽፏል ዶክተር። አራት ሺህ ዙር ይላል። ለእርስዎ መኪና አይሆንም። ከተከፈተ ደግሞ ሻጩ አይመልስልዎትም፤ ስለዚህ እንደታሸገ ይቀመጥ።"

የጋራዥ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት ብሎን እያለ ነው። አጭር ናት፣ ጠንካራ ናት፣ አንድ ጊዜ ከጠበቀች ንቅንቅ አትልም። ስሙን ያወጡላት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን ቱታዋ ላይ በቀይ ክር አስጠለፈችውና ማሾፊያነቱ በዚያው ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለቱን ያሳለፈችው በአባቷ ጋራዥ ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ስትፈታና ስትገጥም ነው።

ከዶክተሩ ጎን ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ቆሟል። ሮኬት ይሉታል። ባለፈው የዳገት ውድድር አንደኛ የወጣ ነጂ ነው፤ ይህንንም ለአንድ ሰው ሳይናገር ውሎ አያውቅም። ዕቃውን የመረጠው እሱ ነበር።

"እኔ የምነዳው በአራት ሺህ ነው" አለ። "አንደኛ ወጥቼበታለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?"

"መኪናህ ስንት ይመዝናል?"

"እሱ ምን አገናኘው?"

"ስንት ይመዝናል አልኩህ።"

"ስምንት መቶ ኪሎ። ቢበዛ ዘጠኝ መቶ።"

"የዶክተር ሺህ ሰባት መቶ ነው። በሩን ብቻ ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። በራስህ ልክ ያሰፋኸውን ሱሪ ነው እንግዲህ ለሱ ያመጣህለት።"

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ሐብሐብ የሚያክል ድብልብል ብረት ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መሀል ይቀመጣል፤ ውስጡ ዘይት ነው። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፣ ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮውን። ጥያቄው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ሲደርስ ነው ዘይቱ በደንብ ጨብጦ መኪናውን የሚገፋው የሚለው ነው። አራት ሺህ ላይ የሚጨብጠው ለቀላል መኪና ነው፣ ለሚጮህ ሞተር ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ይንሸራተታል። በተንሸራተተ ቁጥር ዘይቱ ይሞቃል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ደግሞ ካምቢዮው ያልቃል። ብሎን ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳች አታስታውሰውም። ብዙዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው፣ ወጥተው፣ ትልቁን ቁጥር ገዝተዋል።

የዶክተሩ መኪና ማንሻው ላይ ተሰቅላለች። ባለ ሁለት በር ናት፤ ቀለሟ የበሰለ ቼሪ ነው፤ ዶክተሩ ሞተሯን አሠርቶ ጉልበቷን እጥፍ አድርጎታል። ከአንድ ወር በፊት ዳገቱን አጋምሳ ስትወጣ ከሥሯ ነጭ ጭስ ለቀቀችና ቆመች። ዶክተሩ ወርዶ ሲገፋ፣ ተመልካቹ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ነበር። በነጋታው ሰፈሩ ውስጥ የዶክተር መኪና ተበላሸች ያለ አንድም ሰው አልነበረም። የብሎን ካምቢዮ ተቃጠለ ነበር የተባለው። ሁለት የቆዩ ደንበኞች መኪናቸውን አንሥተው ፊት ለፊት ወዳለው ጋራዥ ተሻገሩ፤ መንገዱን ሲያቋርጡ እንኳ ዞር ብለው አላዩአትም።

አባቷም የዚያን ሰሞን ቁርጡን ነግረዋታል። "ሁለተኛ ከተቃጠለ የካምቢዮውን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንቺ ዘይት ትቀይሪያለሽ፣ ጎማ ታስተካክያለሽ። እንጀራ ነው፤ አትዘኝ።"

ቀጣዩ ውድድር የፊታችን እሑድ ነው። ካምቢዮውን እንደ አዲስ ሠርታ ጨርሳለች። የቀረው ኮንቨርተሩና የዘይቱ ማቀዝቀዣ ብቻ ነው፤ እነሱን ደግሞ እኔው ካልመረጥኩ ብላለች።

"ይምጡ፣ ይዩ ዶክተር።"

ጠረጴዛው ላይ የተቃጠለው ካምቢዮ አንጀት ተዘርግቷል። እንደ ሳህን የሳሱትን የፍሪሲዮን ዲስኮች አንድ በአንድ ደረደረችለት።

"አገጣጠም ባበላሽ ኖሮ አንደኛው ወገን ተቃጥሎ ሌላው ደህና ይሆን ነበር። እነዚህ ሁሉም እኩል ነው የጠቆሩት። ቆይ፣ ይሄን ደግሞ ይዩ።" የአሮጌውን ኮንቨርተር አንገት ወደ መብራቱ አዞረችው። ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። "ብረት እንዲህ የሚሆነው ሲግል ነው። እኔ የአገጣጠም ስህተት ብሠራ ብረት ሰማያዊ አይቀባም።"

ዶክተሩ አጎንብሶ አንዱን ዲስክ በሁለት ጣቱ ያዘና አፍ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ዓይኑን አጠበበ። ሥራው ነው፤ የበሰበሰ ነገር ሲያይ ሳይነካው አያልፍም።

"ታዲያ መፍትሔው ምንድነው ትያለሽ?"

ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ኮንቨርተር ጎትታ አወጣች። ካልሆነ እመልሳለሁ ብላ ከመለዋወጫ ሻጩ ያመጣችው ነው። "ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዙር። የእርስዎ ሞተር ጉልበቱን መስጠት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ጠባብ መታጠፊያ አለው። በየመታጠፊያው ዙሩ ይወርዳል። በአራት ሺሁ ቢሄዱ ሙሉ ዳገቱን ሲንሸራተት ነው የሚውለው። ይሄኛው ግን ጨብጦ ይወጣል።"

"በእግርሽ?" አለ ሮኬት እየሳቀ። "ውድድሩ እኮ በመኪና ነው።"

"አውቃለሁ። በመኪና ስትወጣው ምንም እንዳላየህ ያስታውቅብሃል።"

ቀጥላ ከግድግዳው ሥር የመጽሐፍ መደርደሪያ ጣውላ የሚያህል ሽንሽን ብረት አነሣች። ከቀላል ጭነት መኪና ላይ የወጣ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ ኩለር ነው። የራሱ ማራገቢያ አለው፤ አጥባው፣ በአየር ነፍታው፣ እንዳይፈስስ በግፊት ፈትሻዋለች።

"ይሄ ከራዲያተሩ ፊት ይቀመጣል። ንፋሱ ፊት ለፊት የሚመታው ቦታ ላይ። መሪው አጠገብ ደግሞ የዘይት ሙቀት መለኪያ አስገባልዎታለሁ። መቶ ሃያ ዲግሪ ሲነካ እግርዎን ያነሣሉ፤ ክርክር የለም።"

"ጥሩ ነው። የት ይገባል ታዲያ? ቦታ የለውም እኮ።"

"ፓራውልቱን እቆርጠዋለሁ።"

ዶክተሩ ዲስኩን ከእጁ ለቀቀው።

"የቱን ፓራውልት?"

"አንድ ነው ያለዎት ከፊት።"

"አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? ይሄ እኮ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው! ጭረት የለበትም! ባለቤቴ እንኳ እንዳትደገፍበት ብዬ…"

"ባለፈውም አይነካብኝ ብለው ነው ትንሿን ኩለር ከታርጋው ኋላ የደበቅናት። ከታርጋ ኋላ ምን ንፋስ አለ? ሙቀቱን አብረን ነው የቆለፍንበት። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ እሺ ብያለሁ። ዛሬ ግን እሺ አልልም።"

በሩ አጠገብ፣ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ መቀመጫ ላይ የተቀመጡት አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ደንበኛው ያለውን ሥሪለት። መኪናው የሱ ነው።"

እሳቸውን ሰፈሩ አፍንጫው ይላቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ግን አባባ ናቸው። መካኒኮች በአንድ ካምቢዮ ሲጨቃጨቁ ነጭ ጨርቅ ዘይቱ ውስጥ ነክረው ይዘውላቸው ይመጣሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ያሸታሉ። "ተቃጥሏል" ካሉ ተቃጥሏል፤ "ውሃ ገብቶበታል" ካሉ ገብቶበታል። ይግባኝ የለም። ጋራዡ ሠላሳ ዓመት የቆመው በሳቸው አፍንጫ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

የዛሬ ጥዋት ግን ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሆኗል። ብሎን ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ የጋዝ ሽታ ጉሮሮዋን ያዛት። ሮጣ ወጥ ቤት ስትገባ ምድጃው ሳይለኮስ ተከፍቶ ይነፋል፤ አባቷ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ክብሪት ያወጣሉ። ክብሪቱን ከእጃቸው ነጠቀች፣ ምድጃውን ዘጋች፣ መስኮቱን በረገደች።

"ምን ሆንሽ?" አሏት።

"አይሸትህም አባዬ?"

እሳቸው ወደ ምድጃው አዩ፣ ወደ ክፍቱ መስኮት አዩ። "ጉንፋን ነው" አሉና ሻይ ሳይጠጡ ወጡ። ክረምት ካለፈ ስንት ጊዜው ነው! እዚያው ቆማ ወደ ኋላ አሰበችና ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ካለፈው ውድድር በፊት በነበረው የልምምድ ቀን ዘይቱ ጠቆር ማለቱን አይታ ነበር። አባቷ አሽትተው "ንጹሕ ነው፣ ሂዱ" አሉ። እሷም ከዓይኗ ይልቅ የሳቸውን አፍንጫ አመነች።

ሮኬት አሁን ያነሣው ይህንኑ ነው።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ፣ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ እየወለወለ። "ሙቀት ነው ትያለሽ አይደል? በልምምዱ ቀን እኔም እዚህ ነበርኩ። አባባ ዘይቱን አሽትተው ንጹሕ ነው ብለዋል። ዘይቱ ንጹሕ ከነበረ ሙቀት አልነበረም ማለት ነው። ሙቀት ካልነበረ ደግሞ ጥፋቱ የገጣጣሚዋ ነው። ወይስ የአባትሽ አፍንጫ ተሳስቷል ልትይን ነው?"

ዶክተሩ ከዲስኮቹ ቀና አለ። ነገሩ ልክ መሰለው።

ብሎን ኮንቨርተሩ የተሸፈነበትን ጨርቅ አነሣች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚፈለግባት። እሱን ብትናገር ከጥፋቱ ነፃ ትወጣለች፤ አባቷ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ መቀመጫ ላይ የሚቀመጡ ተራ ሽማግሌ ይሆናሉ። በሮኬት ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች፣ ጉንፋን ነው ብለው በወጡት አባቷም ተናደደች።

"የአባቴን አፍንጫ ተወው" አለች። "አፍንጫ ቴርሞሜትር አይደለም። ብረቱ ሰማያዊ ነው፤ ዓይን ካለህ እየው።"

"መልስ አልሰጠሽም።"

"የምሰጥህ መልስ ይሄው ነው። ካልጣመህ ትፋው።"

"አባባ" አለ ዶክተሩ ወደ በሩ ዞሮ፣ ለስለስ ብሎ። "እርስዎ ይንገሩኝ። ያን ቀን እውነት ንጹሕ ነበር?"

አባቷ ልጃቸውን አዩዋት። ጥርሷን ነክሳ፣ ጨርቁን በእጇ ጨምድዳ፣ ወለሉን ታያለች። እንደማትናገር ገባቸው። ዘይት ቀያሪ አድርገው ቢያስቀሯትም እንኳ አትናገርም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተነሡ።

"አላውቅም" አሉ።

"እንዴት አላውቅም?"

"አሽትቻለሁ። ምንም አልሸተተኝም። ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም፤ ዘይትም፣ ቤንዚንም፣ ምግብም። ያልሸተተኝን ንጹሕ ነው አልኩ። እሷ ጠቆር ብሏል ብላኝ ነበር። 'አንቺ ደግሞ ከእኔ በላይ ልታውቂ ነው?' ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ጥፋቱ የሷ አይደለም። ወር ሙሉ ስሟ ሲነሣ ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ አፍሬ ነው።"

ብሎን አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ደርሶ ነበርና እዚያ ሰው ፊት ልታፈሰው አልፈለገችም።

ሮኬት ሳቀ። "አይ እንግዲህ! ሰፈሩ ዛሬ ጉድ ሊሰማ ነው! ስንት ዓመት ነው በሌለ አፍንጫ…"

"ሂድና ንገር" አለችው። አሁን ድምጿ ተመልሷል። "ድምፅ ማጉያ ከፈለግህ አውስሃለሁ። ስትናገር ግን አታጉድል፤ ሠላሳ ዓመት ስንት ካምቢዮ እንዳዳነም ተናገር። ያንተ የመጀመሪያ መኪና ካምቢዮ ውሃ ገብቶበት ሞተር ልታስወርድ ስትል፣ በነጭ ጨርቅ አሽትቶ ያዳነህ ማን ነበር? እሱንም ተናገር።"

ሮኬት መነጽሩን አጠለቀ። ካርቶኑን ብብቱ ሥር አድርጎ "እንሂድ ዶክተር፤ ማዶ ያሉት በአንድ ቀን ይገጥሙታል" አለ።

"ካርቶኑን አስቀምጥ" አለ ዶክተሩ።

"ምን?"

"አስቀምጥልኝ፤ ለሻጩ እመልሰዋለሁ። ሃያ ዓመት በሕክምና ስሠራ በታካሚ ፊት 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ያለ ባልደረባ አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔም ብዬ አላውቅም።" ለአባቷ እጅ ነሣ። "ካምቢዮው እዚሁ ይሠራል።"

ሮኬት ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። የሰፈሩን የመጀመሪያ ሰው አግኝቶ ሲያወራ ድምፁ ከውጭ ተሰማ። አባቷ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ዶክተሩ እጁን አፋተገ። ዋጋ ሊደራደር እንደመጣ ሰው ፊቱ ተለሳልሷል። "በቃ፣ ተስማማን። ኮንቨርተሩ አንቺ ያልሽው ይሁን፤ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። መለኪያውም ይግባ። ኩለሩን ግን ትንሿን መልሺና እዚያው ከታርጋው ኋላ አድርጊልኝ። እኔ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ፤ አንቺም ግማሽ ነይ።"

ቀላል ነበር። ከአንድ ወር ሐሜት በኋላ ትልቁ ደንበኛ ቃሏን ተቀብሏል፤ ኮንቨርተሯን ተቀብሏል። ሰፈሩም ያያል። አንድ ቁራጭ ፓራውልት ብትተውለት ማን ይታዘባታል? አባቷም ከበሩ ሆነው ዓይናቸውን ወደሷ ሰደዱ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አላወቀችም።

"አይሆንም" አለች።

"ብሎን…"

"ኮንቨርተሩ ሙቀቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ዳገት ላይ ነው የሚወጣው። ንፋስ ካላገኘ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ይቆማሉ፤ ባለፈው ስድስተኛው ላይ ነበር። አንድ መታጠፊያ ለመጨመር ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የምለፋው? ወይ ተቆርጦ በትክክል ይሠራል፣ ወይ መኪናዎን ጭነው ማዶ ይወስዱታል። ግማሽ ካምቢዮ አልሠራም።"

"ውድድሩ እሑድ ነው እኮ! አሁን የት ልውሰደው?"

"እሱን አላውቅም።"

ዶክተሩ መኪናዋን አየ። ያን ጭረት ያልነካውን ፓራውልት ተንጠራርቶ በመዳፉ ዳበሰው። ሕፃን ልጁን መርፌ ሊያስወጋ የመጣ አባት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ከብሎን አናት በላይ አሻግሮ፣ ባለ ጋራዡን፣ ሽማግሌውን ጠየቀ።

"አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ። የግድ መቆረጥ አለበት?"

አባቷ ከመቀመጫው አጠገብ እንደቆሙ ነበሩ። ጥያቄው ሲመጣ፣ ሠላሳ ዓመት እንደለመዱት፣ አገጫቸው ለመፍረድ ቀና አለ። ወዲያው መልሰው አወረዱት።

"እኔን ምን ይጠይቁኛል ዶክተር?" አሉ። "መካኒኳ እዚያ ቆማለች።"

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። በእሺታ አንገቱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ሲቆረጥ ማየት አልፈለገም።

ብሎን ከኪሷ ጠመኔ አወጣች። ማንሻውን አውርዳ መኪናዋን ደረቷ ድረስ ዝቅ አደረገቻትና ፓራውልቱ ፊት ቆመች። ስትለካው ስለሰነበተች የቀዳዳውን ስፋት በቃሏ ታውቀዋለች። ጠመኔውን አስነክታ ማስመር ጀመረችና ቆም አለች። ያሰመረችውን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ንፋሱ እንደ ልቡ እንዲገባ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ጣት አስፍታ እንደገና አሰመረች።